መርፌ የሰፋችው ቃል

በዚያ ፖሊስ ጣቢያ የሰው ደም ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በአንዲት ሴት እጅ ነበር። በስሟ የሚጠራት የለም፤ አለቃውም እስረኛውም «መርፌ» ነው የሚላት። ሥራዋ ቃል መጻፍ ነው፤ የተከሳሽ ቃል፣ የምስክር ቃል። መስኮቷ በማይከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ሚስቱን በመጥረቢያ የፈለጠው፣ የጓደኛውን ፊት በተሰበረ ጠርሙስ የተለተለው፣ አጎቱን ከደረጃ ገፍትሮ አንገቱን የሰበረው፣ ሁሉም ከፊቷ ካለችው አንድ እግሯ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጦ ተናዟል። አንዳንዱ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነበር የሚመጣው።

መርፌ ያሏት ስለምትሰፋ ነው። ሰው መቼም ሲጨነቅ ያገኘውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ከገደለበት ሰዓት ይነሳና ልጅነቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ስለ ጫማው ያወራል፣ ከዚያ ያለቅሳል። መርፌ ያንን ሁሉ ትሰማና የማያስፈልገውን ቆርጣ፣ የቀረውን ጠቅማ፣ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነገር ታደርገዋለች። ለአዳዲስ ፖሊሶች ስታስተምር፣ «‹ከዚያ፣ ከዚያ› ብቻ የሚል ቃል የመንደር ወሬ ነው፤ ‹ስለዚህ› ስታስገቡበት ነው ታሪክ የሚሆነው» ትላቸው ነበር። «ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰው የሚወጋ ቢላ መጀመሪያ ላይ ሽንኩርት ሲከትፍ ይታይ። አለዚያ ዳኛው ‹ከሰማይ ነው የወረደው?› ብሎ ይጠይቃችኋል።» «አላውቅም» የሚል መልስ ደግሞ ሞታ ነው የምትጽፈው። ለምን እንዳደረገ የማያውቅ ሰው የለም፣ በደንብ ያልተጠየቀ ሰው ነው ያለው፣ ባይ ናት። ትዕቢት ነው እንግዲህ፤ እኔ ለዚህ ሌላ ስም የለኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን መዝገቧ የሚነበብ ነበር። የሷ ጽሑፍ ሲቀርብ ዳኛ አያንቀላፋም ይባላል። እንዳትታበይስ ምን ይከለክላታል?

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ በእርግጫ ተበረገደና ሁለት ፖሊሶች አንድ ረጅም ወጣት እየጎተቱ አስገቡ። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ደም ነው። ከንፈሩም ተተርትሯል፤ ያኛው መንገድ ላይ ፖሊሶቹ ያቀመሱት ነው። «በያጅ ነው። አሠሪውን ገደለው። ጭንቅላቱን እንዳልነበረ አድርጎታል፣ ማየት አይቻልም» አለ አንደኛው እያለከለከ።

መርፌ ቀና አለች። ቀጭኔ ነው። ወንድሟ።

የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ለየቅል ስለሆነ በስም የሚያገናኛቸው የለም፣ ጣቢያው ውስጥም ዝምድናቸውን የሚያውቅ አልነበረም። እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። አጥባ፣ አብልታ፣ ሲያጠፋም ገርፋ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በቁመቱ «ቀጭኔ» ብላ የሰየመችውም እሷው። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል በልጅነቱ እንግዳ ፊት ዝም የምታሰኝበትን ዓይን አፈጠጠችበት። ገባው፤ ዋጥ አደረገው።

«ቃሉን ተቀበይ፤ እኔ ሬሳው ጋ ሄጃለሁ» አለ አለቃዋ ኢንስፔክተሩ ከኮሪደሩ። ሊወጣ ሲል ምን እንደታየው እንጃ፣ ተመልሶ በያዘው ዱላ የቀጭኔን ጉልበት አንዴ አጮለው። ቀጭኔ ወንበሩን ይዞ ተንበረከከ። መርፌ ከመሳቢያው አዲስ ወረቀት አወጣች።

ያኔ «ወንድሜ ነው» ብትል ኖሮ ከክፍሉ ያስወጧትና ሌላው ጸሐፊ ይተካ ነበር። ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ስንፍናውን ተዉት! «ተጣላን፣ መታሁት፣ ሞተ» ብሎ በሁለት መስመር አስፈርሞ ሻይ ሊጠጣ የሚወጣ ሰው። ወንድሟን ለዚያ ሰነፍ አሳልፋ ልትሰጥ ነው? «የሱን ሕይወት ማዳን የሚችል ጽሑፍ ቢኖር የኔ ነው» አለች በልቧ። ወይ ነዶ! ያ ሰነፍ በጻፈውና በዳነ።

በር ላይ የቀረው ፖሊስ ስልኩን ይጎረጉራል። ቀጭኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ሞተ እንዴ?»

«ሞቷል። አሁን የምጠይቅህን ብቻ መልስልኝ። ለምን መታኸው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም አትበለኝ! ገመድ ነው የሚጠብቅህ፣ ገብቶሃል? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ነገራት። የሟቹ ቅጽል ስም ጉልቤ ነው፤ የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ እጀ ፈጣን፣ ሠራተኛ መምታትን እንደ ሰላምታ የሚቆጥር ሰው። የዚያን ጠዋት ግን ደኅና ነበሩ። የጉልቤ ሚስት ለሁለቱም ዳቦ ጠቅልላላቸው ኖሮ አብረው በሉ። አንድ ወፍራም ደንበኛ ራሱ ለክቶ ያዘዘው በር ሲገጠምለት ራሱ ማለፍ ስላቃተው ያንን እያነሱ ሳቁ፤ ጉልቤማ ሳቁ አፍኖት ውሃውን በአፍንጫው አወጣው። ከዚያ ሥራ ጀመሩ።

«የብረት መቁረጫውን ግራይንደር የያዝኩት እኔ ነኝ። ዲስኩ ተሰበረና ስባሪው ጆሮውን ቆረጠው። በጥፊ መታኝ። እኔ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ እትዬ፣ ደንግጬ ይሆናል። ያኔ አንገቴን አነቀና ክንዴን ገና የተበየደ ብረት ላይ ለጠፈው።» እጅጌውን ሰበሰበው። ቆዳው ተልጦ ተንጠልጥሏል። «ከዚያ ለቀቀኝ። ‹ሂድ ውሃ አድርግበት› አለኝ። ጎንበስ ብሎ የዲስኩን ስባሪ ሲለቅም እጄ ላይ የፌሮ ብረት ነበር። መታሁት። በመጀመሪያው ወድቋል እኮ! እግሩ ብቻ ነበር መሬቱን የሚጭረው። እኔ ግን አላቆምኩም። ሦስት ይሁን አምስት አላውቅም። አንድ ነገር ፊቴ ላይ ተረጨ፣ ሞቅ ያለ። ያኔ አቆምኩ።»

«ፌሮውን ከየት አመጣኸው?»

«እንጃ። እጄ ላይ ነበር።»

«ብረት በራሱ እጅ ላይ አይወጣም።»

«በሩ ጋ ሁልጊዜ ቁርጥራጭ ይቆለላል፤ ከዚያ ይሆናል።»

«ጠዋት ስትገባ በዚያው በር ነው የገባኸው?»

«በሌላ በየት እገባለሁ?»

«እንግዲያው አይተኸዋል።»

ቀጭኔ ደም የያዘውን ከንፈሩን ላሰ። «ይሆናል» አለ።

«ከዚህ በፊትስ ምን ምን አድርጎሃል?»

ከስድስት ወር በፊት ጣቱን በመዶሻ ሰብሮታል። ከሦስት ሳምንት በፊት የሞተች እናታቸውን በሰው ፊት ሰድቧል። «ግን በማግስቱ ይቅርታ ብሎኛል፤ እኔም ረስቼዋለሁ» አለ ቀጭኔ። መርፌ ይቺን የመጨረሻዋን እንዳልሰማች ሆነች። ጣቶቿ መሮጥ ጀምረው ነበር።

እንዴት አድርጋ ጻፈችው መሰላችሁ! ጣቱን ሰበረው፣ ስለዚህ ፈራው። እናቱን ሰደበበት፣ ስለዚህ ዓይኑን ማየት ጠላ። «በዕለቱ ጠዋት ስገባ በሩ አጠገብ ያለውን ፌሮ አየሁት» ብላ ብረቱን በቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ ጥፊው፣ ከዚያ ቃጠሎው፣ ስለዚህ ሟቹ ጎንበስ ሲል ፌሮው። ዳቦውን ከጽሑፉ አወጣችው፤ ክሩን ያላላዋል። ሳቁንም አወጣችው። «ሂድ ውሃ አድርግበት» የምትለዋ ደግሞ ሟቹን ሰው ስለምታደርገው ወጣች። ዳኛው ይህን ሲያነብ አንጀቱ ይላወሳል፣ ስድስት ወር ሙሉ የተሰቃየ ምስኪን ነው ይላል፣ ብላ አስባ ነው። ምስኪኑን ለማሳየት ስትለፋ ምን እየሠራች እንደሆነ አልታያትም።

ስታነብለት ቀጭኔ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። እንባው ደሙን እያጠበ በአገጩ ወረደ።

«እንደዚህ ነው የሆነው?» አላት።

«እንደዚህ ነው። ፈርም።»

ፈረመ። ወረቀቱ ጥግ ላይ የአውራ ጣቱ ደም ቀረ።

ከወር በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መርፌ ከኋላ ወንበር ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዐቃቤ ሕጉ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። መነጽሩን አስተካከለና ቃሉን ከላይ እስከ ታች፣ የተቀባይዋን ስም ሳይቀር አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ የምጨምረው የለም» አለ። «ተከሳሹ ስድስት ወር ቂም ቋጠረ። ሦስት ሳምንት አሰበበት። በዕለቱ ጠዋት መሣሪያውን አይቶ መረጠ። ሟች ጀርባውን እስኪሰጠው ጠበቀ። ከዚያ አናቱን ፈጠፈጠው። ይህ በደም ፍላት የተደረገ ነገር አይደለም። አንዱ ከአንዱ እንዴት እንደሚያያዝ ይመልከቱልኝ፤ ታስቦበታል። የምጠይቀው የሞት ቅጣት ነው።»

መርፌ ከወንበሯ ብድግ አለች። እያንዳንዷ «ስለዚህ» የሷ ናት። አንድ በአንድ፣ በገዛ እጇ፣ ለወንድሟ መሰላል ሠርታ እስከ ገመዱ አድርሳዋለች። ምስኪንም አቃጅም አንድ ዓይነት ምክንያት እንዳላቸው፣ ልዩነቱ አንባቢው ልብ ውስጥ እንደሆነ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትጽፍ አንድ ቀን አልታሰባትም። «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን ገደልኩት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዝምድናው በዚያች ደቂቃ ወጣ፤ ዳኛውም ችሎቱን ለሳምንት ቀጠረው።

ግቢው በር ላይ የጉልቤ ሚስት ጠበቀቻት። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። የመርፌን ፀጉር ጨመደደችና ጭንቅላቷን ከብረቱ በር ጋር አላተመችው። አንዴ። ደግማ። መርፌ ግንባሯ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኗን ሸፈነው፤ እጇን ግን አላነሳችም።

«ዳቦውስ?» ትላለች ሴትዮዋ በየምቱ መሃል። «የሁለት ሰው ዳቦ ነው የጠቀለልኩት! አንዱን ለባሌ፣ አንዱን ለወንድምሽ! በየቀኑ! ዳቦዬ የታለ ወረቀትሽ ላይ? ባሌ ክፉ ነበር፣ እኔን አትነግሪኝም፣ ይሄው ጥርሴን ያወለቀው እሱ ነው። ግን ሰው ነበር! ይስቅ ነበር! አውሬ አርገሽ ቀበርሽብኝ፣ አንቺ እርኩስ!» በሦስተኛው ዘበኞቹ ደርሰው አላቀቋት። ሲጎትቷት እንኳ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና የመርፌን አፍ አገኘችው።

ኢንስፔክተሩ በማግስቱ አስጠራት። ፋሻዋን አየና እንኳን ሊራራ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው፤ ሻዩ ተደፋ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኜሽ! የጻፍሻቸው መዝገቦች ሁሉ ነገ ይበረበራሉ፣ ይገባሻል? ስሚኝ፣ ዝም ካልሽ ዝምድና ደብቀሻል ተብለሽ ከሥራ ትባረሪያለሽ፣ በቃ። ‹ቃሉን አጣምሜ ጻፍኩ› ካልሽ ግን ያሳስርሻል፤ ያውም ረጅም።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ልጁ ከተሰቀለ የኔ ነፃ መሆን ምን ያደርግልኛል?»

ኢንስፔክተሩ ዱላውን አንስቶ ግድግዳውን መታው፤ ልስኑ ተፈረፈረ።

የቀጠሮው ቀን መርፌ ምስክር ቦታ ላይ ቆመች። ምላ እንደጨረሰች በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ አንድ ነገር ሳትሰፋ ተናገረች። ዳቦውን ተናገረች። ወፍራሙን ደንበኛና በሩን ስትናገር ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ይቅርታውን፣ ጥፊውን፣ ያለ ቦታው የመጣውን የወንድሟን ሳቅ፣ «ሂድ ውሃ አድርግበት» የሚለውን፣ ሁሉንም እንደወረደ አፈሰሰችው። «ለምን መታኸው ስለው አላውቅም ነው ያለኝ፣ ክቡር ዳኛ። እውነቱ እሱ ነበር። ‹ስለዚህ› የሚለውን በሙሉ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፌሮውን ጠዋት አየሁ አላለም፤ ጎትጉቼ ‹ይሆናል› አስባልኩት። እሰሩኝ። እሱ ግን አላቀደም፣ የዚያን ሰዓት አበደ እንጂ።»

ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ ቀጭኔን አየው። ተከላካይ ጠበቃው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ ፊቱ በራ። ዐቃቤ ሕጉ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ይወለውለው ጀመር። መርፌ የዳኛን ፊት ማንበብ ታውቅበታለች፤ ገመዱ ሲላላ ታያት። እግዜር ይስጥልኝ አለች በሆዷ።

«ተከሳሽ፣ ተነስ» አለ ዳኛው። «እህትህ ያለችውን ሰምተሃል። ትክክል ነው?»

ቀጭኔ ተነሳ። እስር ቤት ውስጥ የጉልቤ ዘመዶች አግኝተውት አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹም የሉም። ግን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። መርፌ እንደዚያ ረግቶ አይታው አታውቅም።

«አይደለም፣ ክቡር ዳኛ» አለ። «እህቴ ልታድነኝ ብላ ነው። የጻፈችው ነው ትክክሉ።»

«አንተ!» አለች መርፌ።

«ተይኝ እትዬ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር እግሩ መሬቱን ሲጭር እሰማ ነበር። ለምን? እላለሁ። መልስ የለም። ዳቦ አብልቶኝ፣ አስቆኝ፣ ‹ውሃ አድርግበት› ብሎኝ፣ እኔ በከንቱ አናቱን? ያለ ምንም ምክንያት? እንደዚያ ከሆነ ምንድነኝ እኔ? ዕብድ ውሻ ነኝ። ከዚያ ያነበብሽልኝን አስታወስኩት። ጣቴ። እናታችን። ፌሮው። አንድ በአንድ ስደረድረው እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰው ነኝ ለካ፤ ቂም የያዘ ሰው።»

ጠበቃው ዘሎ ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ አእምሮው ታውኮ ነው የሚናገረው…» ሊል ሲል ዳኛው በእጁ አስቀመጠው።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አለ ዳኛው። «ፌሮውን በዕለቱ ጠዋት አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም? ከመመለስህ በፊት አስብ። መልስህ ነፍስህ ነው።»

«አይቼዋለሁ። ከበሩ በስተግራ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ውሃ አርፎበት ያብረቀርቃል። ቆም ብዬ አየሁትና በዚህ ነው የምገድለው አልኩ።»

መርፌ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈችም። ግራ ግድግዳ የለበትም፣ ውሃ የለበትም፣ «በዚህ ነው የምገድለው» የለበትም። የዚያን ዕለት ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማታ ያሰጣችውን ልብስ ጠዋት ደረቅ አድርጋ ሰብስባ ነው ሥራ የገባችው።

«ዝናብ አልነበረም!» ብላ ጮኸች። «በእናታችን አፅም፣ ዝናብ አልነበረም! አትጻፉት!» ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ስትንደረደር ሁለት ፖሊሶች ያዟት። አንደኛው ክንዷን ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ ትከሻዋ ቋ ሲል ከፊት ወንበር ያሉት ሁሉ ሰሙት። አፍጥጣ የወንድሟን ፊት ፈለገች። ከሰባት ዓመቱ ጀምራ ውሸቱን ታውቃለች፤ ሲዋሽ ዓይኑ መሬት መሬት ነው የሚያየው። አሁን በዚያች በደኅናዋ ዓይኑ ቀጥታ ያያታል።

«ነበር እንጂ፣ እትዬ» አላት በቀስታ፣ እያዘነላት። «ረስተሽው ነው።»